ከጅማ ሆኖ ፊልም ፕሮዲውስ ማድረግ ይቻላል? ወይስ አዲስ አበባ መግባት ግድ ነው?

የሒርማታ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጅማ ነው። ቡና ገዝቶ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሰርግ ከሚቀርጹ ልጆች ጋር እውላለሁ። ካሜራ አልይዝም። የእኔ ሥራ መኪና ማፈላለግ፣ ከሙሽራው ቤተሰብ ጋር ዋጋ መነጋገር፣ ቀብድ መቀበል፣ መብራት ሲጠፋ ጄነሬተር ከየትም ብሎ ማምጣት፣ ልጆቹ ምሳ መብላታቸውን ማየት ነው። እውነቱን ለመናገር ከደመወዝ ሥራዬ በላይ ይሄ ነው ደስ የሚለኝ።

አሁን አንድ ጓደኛዬ የሙሉ ፊልም ድርሰት ጽፎ ጨርሷል። ግማሹ ኦሮምኛ ግማሹ አማርኛ ነው፣ ልክ እኛ ፈረንጅ አራዳ ቁጭ ብለን እንደምናወራው። ታሪኩን እዚህ አልዘረግፈውም፣ በቡና ለቀማ ሰሞን የሚሆን ነው። «አንተ ፕሮዲውስ አድርገው» አለኝ። ቤት ስናገር እናቴ «ብሩን ከየት አባህ አመጣኸው?» አለች። ሌላውም ሰው የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። እኔ ብር የለኝም።

ስለዚህ ብር የሌለው ሰው ፕሮዲውሰር ይሆናል ወይ? ዋጋዱጉ፣ ደርባን፣ ካን ፌስቲቫሎች የሚሄዱትን የአፍሪካ ፊልሞች የሚሠሩት ፕሮዲውሰሮችስ የቤት ኪራይ የሚከፍሉት በምንድነው? ሥራዬን ለቅቄ አዲስ አበባ ልግባ? «ህልምህን ተከተል» የሚል መልስ ይቅርብኝ፣ እሱን ከቲክቶክ በበቂ ሰምቻለሁ።


አሮጌው ጄነሬተር፦

ሥራህን አትልቀቅ። መጀመሪያ እሱን ልበልህ።

እኔ አዲስ አበባ በፕሮዳክሽን ማኔጀርነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ማስታወቂያ፣ ድራማ፣ ከውጭ የሚመጡ ቡድኖች፣ ሁሉንም ቀምሻለሁ። እናትህ የጠየቁህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም እኛ አገር የለመድነው ፕሮዲውሰር ብር የሚያወጣውን ነጋዴ ነው። ባለሱቁ ወይም አስመጪው ብሩን ይከሰክሳል፣ ፖስተሩ ላይ ስሙ ይወጣል፣ ሲኒማ ቤቱ ድርሻውን ይቆርጣል፣ ከተረፈው ከተረፈ ሁለተኛ ይሠራል፣ ካልተረፈው ወደ ንግዱ ይመለሳል። አንተ የምትጠይቀው ሌላኛውን ዓይነት ነው። እሱ ከኪሱ አያወጣም፣ ከአምስት ከስድስት ቦታ ለቃቅሞ ያመጣል። ከዚያ ያ ሁሉ ገንዘብ ሰጪ እንዳይጣላ ለዓመታት ሲያስታርቅ ይኖራል።

ምሳሌ ልስጥህ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 ካን ላይ «አን ሰርተን ሪጋርድ» በሚባለው ክፍል ታየ። በካን ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ፕሮዲውሰሯ አማ አምፓዱ ትባላለች። ታሪኩ የእኛ፣ ቋንቋው አማርኛ፣ ገንዘቡ ግን ከፈረንሳይም ከጀርመንም ከኖርዌይም የተሰባሰበ። ሌላ ደግሞ «የመቃብር ቆፋሪው ሚስት» የሚለውን የሶማሊኛ ፊልም እይ። ዳይሬክተሩ ካድር አይደሩስ አህመድ የፊንላንድ ሶማሌ ነው፣ ዋናው ፕሮዲውሰር የፊንላንድ ድርጅት ነው፣ የተቀረጸው ጅቡቲ። በ2021 ፌስፓኮ (የዋጋዱጉው ፌስቲቫል) ላይ ትልቁን ሽልማት፣ የየኔንጋን ወርቃማ ፈረስ ወሰደ። ጅቡቲ እኮ ነው የምልህ፣ ጎረቤታችን!

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ብዙዎቹ የአውሮፓ ፈንዶች (ለፊልም ድጋፍ የሚሰጡ ተቋማት) ለአንተ ብቻህን ብር አይልኩልህም። የበርሊኑ ወርልድ ሲኒማ ፈንድ የጀርመን አጋር ይፈልጋል። የኖርዌዩ ሶርፎንድ የኖርዌይ አጋር ይጠይቃል። የፈረንሳዩም እንደዚያው የፈረንሳይ ፕሮዲውሰር ካልያዝክ አያስገባህም። አንዳንዱ ብሩ እዚሁ አገር እንዲወጣ ያዛል፣ አንዳንዱ ድምፁና ቀለሙ እኛ ጋ ይሠራ ይላል። የሮተርዳሙ ሁበርት ባልስ ፈንድ ግን ገና ድርሰት ላይ እያለህ ድርሰቱን ለማዳበር 10,000 ዩሮ ገደማ ይሰጣል፣ ብዙ ሰው የሚጀምረውም ከዚያ ነው። እና እነዚያን አጋሮች የምታገኘው የት ነው? ደርባን ፊልም ማርት ዓይነት ቦታ። ከ2010 ጀምሮ በየዓመቱ አለ። እዚያ የሚቀርበው ያለቀ ፊልም ሳይሆን ሊሠራ የታሰበ ነው። ዳይሬክተርና ፕሮዲውሰር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ስለ ፊልማቸው ያስረዳሉ። ከማዶ ያለው ሰው ድርሰቱን ብቻ አይደለም የሚያየው። ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ጋር አራት አምስት ዓመት መዝለቅ እችላለሁ ወይ የሚለውንም ነው።

ስለ ቤት ኪራዩ። አብዛኛው ፕሮዲውሰር ከፊልሙ አይኖርም። ከሌላ ነገር ይኖራል። ማስታወቂያ፣ የኤንጂኦ ቪዲዮ፣ ማስተማር፣ ከውጭ ለሚመጣ ቡድን አገልግሎት መስጠት። ኃይሌ ገሪማን እይ። በ1976 «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን አወጣ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ነው ፊልም የሠራው። «ሳንኮፋ» በ1993 ሲያልቅ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊት ነሱት። እሱና ባለቤቱ ሽሪኪያና አይና ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከከተማ ከተማ አሳዩት። መብቱ ግን እጃቸው ላይ ቀረ። በ2021 ያው ፊልም ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። 28 ዓመት ቆጥረህ ማለት ነው! በ1993 በትንሽ ብር ለአንዱ ሸጠውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሌላ ሰው ነበር የሚበላበት። እኔ ከዚህ ሙያ የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር የፕሮዲውሰር ሀብቱ ካሜራም መኪናም አለመሆኑ ነው። ውል የያዘ ፋይል ነው ሀብቱ።

አዲስ አበባ መግባቱን በኋላ እናወራለን፣ አሁን ቀረጻ ላይ ነኝ።


አወይቱ ዳር፦

ጋሽ ጄነሬተር ያልከው ሁሉ ጥሩ ነው ግን ልጁን ሰማይ ላይ አትስቀለው። እኔም ጅማ ነኝ። እዚህ ነጋዴ ጋ ሄደህ «አምስት ዓመት ይፈጃል» ብትለው ቡናህን አስጠጥቶ ይሸኝሃል። ሰውዬው የሚያውቀው ቡና ነው፣ ጥቅምት ገዝቶ መጋቢት ይሸጣል። የፊልም ብርም እንደዚያ እንዲመለስለት ነው የሚጠብቀው።

ደግሞ አሁን ገበያው ሲኒማ ቤትም ፌስቲቫልም አይደለም። ዩቲዩብ ነው። በኦሮምኛ አሪፍ አጭር ድራማ ከሠራህ ተመልካቹ ሞልቷል። በሁለት ካሜራ፣ በአንድ ግቢ፣ ተዋንያኑም ጓደኞችህ። ለቻናል ትሸጠዋለህ፣ ብርህን ትወስዳለህ፣ ቀጣዩን ትሠራለህ። እንደዚህ እየሠሩ እየኖሩ ያሉ ልጆች አውቃለሁ። ፌስፓኮ ምናምን የሚሄደው እኮ አውሮፓ ዘመድ ያለው ነው።

የማልክደው ነገር አለ። የማውቃቸው ልጆች አንድ ፊልም ለአንድ ቻናል ሸጡ። ውሉ አንድ ገጽ ነበር፣ «ሙሉ መብቱ ለዘለቄታው ተላልፏል» የሚል። ፊልሙ እስከ ዛሬ እይታ ይሰበስባል። ቆርጠው ቆርጠውም በአጫጭሩ ይለቁታል። ለልጆቹ አምስት ሳንቲም አይደርሳቸውም። ስለዚህ የውሉ ነገር ላይ ከጋሽ ጄነሬተር ጋር ነኝ።


የሒርማታ ልጅ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ዩቲዩቡን አስቤበታለሁ፣ ግን ይሄ ድርሰት ለዚያ አይሆንም። ዝምታ ይበዛበታል፣ ሰው በሁለተኛው ደቂቃ ያልፈዋል።

ሌላ ጥያቄ ልጨምር። ከጓደኛዬ ጋር ውል የሚባል ነገር የለንም። ከልጅነት ጀምሮ አብረን ነው ያደግነው፣ «ፈርም» ብለው ይቀየመኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞ ድርሰቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ከእውነተኛ ሰው የተወሰደች ናት። ሰፈር ውስጥ ሁሉም ያውቃታል። ስሟን ቀይሮታል። ይበቃል?


እታለም፦

አይበቃም ወንድሜ። እኔ ዶክመንተሪ ላይ ነው የምሠራው፣ ይሄ ጉዳይ የእለት እንጀራዬ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«ድፍረት»ን አስታውስ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም፣ ከፕሮዲውሰሮቹ አንዷ ምሕረት ማንደፍሮ፣ አንጀሊና ጆሊ ኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲውሰር። በ2014 ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይም በርሊን ላይም የተመልካች ሽልማት ወሰደ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ሊመረቅ ሕዝቡ ቁጭ ብሎ ሳለ የፍርድ ቤት ዕግድ መጣና ሳይታይ ቀረ። ክርክሩ ፊልሙ በተመሠረተበት እውነተኛ ታሪክ መብት ላይ ነበር። በኋላ ተፈትቶ ታይቷል። ማን ትክክል ነበር የሚለው የእኔ ጉዳይ አይደለም። ግን ያን ያህል ዝና ያለው ፊልም ላይ የደረሰ ነገር ጅማ ላይ አይደርስም ብለህ እንዳትተኛ። ፈንዶቹም አጋሮቹም ገና ሳይፈርሙ የሚጠይቁህ ይሄንኑ ነው፦ ታሪኩ የማን ነው፣ ማን ለማን በጽሑፍ ሰጠ፣ ወረቀቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይበጠስ ይሄዳል ወይ። አንዲት ወረቀት ከጎደለች ጠበቆቻቸው ያቆሙታል።

ሴትዮዋ ጋ ሂድ። ቡና አስፈልተህ፣ ከምታምነው ሰው ጋር፣ በምትናገረው ቋንቋ አስረዳት። ምን እንደሚታይ፣ ምን እንደማይታይ ንገራት። ፈቃዷን በጽሑፍ ውሰድ፣ ብር ከመጣም ምን እንደሚደርሳት እዚያው ላይ ይጻፍ። እምቢ ካለች ድርሰቱ ይቀየር። ይሄን የምልህ ለወረቀቱ ብቻ አይደለም፣ አንተ ነገም እዚያው ሰፈር ነው የምትኖረው።

ጓደኛህን በተመለከተ መቀየሙ አይቀርም ብለህ አስብና አሁኑኑ አስፈርመው። ብር ከመጣ በኋላ ከመጣላት ብር ሳይኖር መኮራረፍ ይሻላል። ውሉ ረጅም መሆን የለበትም። ድርሰቱን ለፊልም የማዋል መብት ለዚህን ያህል ዓመት ለአንተ ሰጥቷል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ፊልሙ ካልተሠራ መብቱ ይመለስለታል፣ ከተሠራ ይሄን ያህል ይከፈለዋል፣ ማሻሻያ ሲያስፈልግ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። የመመለሻውን ነጥብ ራስህ አንሳለት፣ ያኔ ልትነጥቀው እንዳልመጣህ ይገባዋል። ድርሰቱንም አእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት አስመዝግቡ። የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 (በእኛ አቆጣጠር) ነው፣ ፈልጋችሁ አንብቡት፣ አይከብድም።

አወይቱ ዳር፣ ስለ አውሮፓ ዘመድ ያልከው ግማሽ እውነት አለው። ግን የሌሶቶውን ሌሞሀንግ ጀረማያ ሞሴሴን እይ። በ2019 ቬኒስ ላይ የታየው ፊልሙ «ይህ ቀብር አይደለም፣ ትንሣኤ ነው» የተሠራው በቬኒስ ቢየናሌ ኮሌጅ ፕሮግራም በኩል በተሰጠ 150,000 ዩሮ ነው። ተራራ ላይ ያለ መንደር፣ አንዲት አሮጊት፣ የሴሶቶ ቋንቋ። ፕሮዲውሰሮቹ ደቡብ አፍሪካ ያሉ ናቸው። አፍሪካ ውስጥ ለአፍሪካ አጋር መሆን እየተለመደ ነው። ሱዳንን ውሰድ። አምጃድ አቡ አላላ በ2019 የራሱን ፊልም ቬኒስ አሳይቶ ተሸለመ፣ ቀጥሎ ደግሞ የመሐመድ ኮርዶፋኒን «ደህና ሁኚ ጁሊያ» ፕሮዲውስ አደረገ። በ2023 ካን ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የሱዳን ፊልም ሆነ። በር የከፈተ ሰው ሌላውን ይዞ ገባ። ናይሮቢ ያለው ዶክዩቦክስም የምሥራቅ አፍሪካ ዶክመንተሪዎችን ይደግፋል። አንተ ልቦለድ ቢሆንም የምትሠራው ሰዎቹን ማወቅ አይጎዳህም።


አሮጌው ጄነሬተር፦

ተመለስኩ። እታለም ስለ ውሉ ያለችውን እንዳለ ውሰደው።

አሁን ስለ ወቅቱ። ማንም ሳያነሳው ስላለፈ ገርሞኛል። ፊልሙ በቡና ለቀማ ሰሞን ነው አልክ። በል እንግዲህ አንተው ታውቀዋለህ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጅማ ላይ ምን ይመስላል? አይሱዙ ይገኛል? ሠራተኛ ይገኛል? የመኝታ ዋጋ ስንት ይገባል? ሰው ሁሉ ጫካና እርሻ ውስጥ ነው። ለኤክስትራ የምትፈልገው ገበሬ ለቀማ ላይ ያለ ሰው ነው፣ የቀን ገቢውን ሳትተካለት ቁም ብትለው ያሳፍራል። ቀዩ ፍሬ ደግሞ አይጠብቅህም። የፈንዱ ብር ታኅሣሥ ላይ ከገባ ለሚቀጥለው ዓመት ማሳደር ነው። እስከዚያ ዳይሬክተሩ ሌላ ሥራ ይይዛል፣ የመረጥካት ልጅ ታገባለች፣ ብሩም ይረክሳል። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በአጭር ጊዜ ከ100 በላይ ሲገባ በብር በጀት የሠሩ ሰዎች ምን እንደሆኑ ዓይቻለሁ። በጀትህን በዩሮ ሥራው፣ ለመጠባበቂያ 10 በመቶ ያዝ፣ ማንም ቢለምንህ እሱን አትንካ።

የእኔ ሐሳብ፦ ሙሉውን ፊልም ተወውና በዚህ ለቀማ እዚያው እርሻ ላይ አጭር ፊልም ሥሩ። ያው ዳይሬክተር፣ ያው ቦታ፣ ከድርሰቱ አንድ ትዕይንት የሚመስል ግን በራሱ የሚቆም። ለፈንድ ስታመለክት «ከዚህ በፊት ምን ሠራችሁ» ይላሉ፣ መልሱ እሱ ይሆናል። የለቀማውን ምስልም በእጅህ ታስገባለህ።

አዲስ አበባ መኖር አያስፈልግህም፣ መመላለስ ግን ግድ ነው። ጥሩ ድምፅ ቀራጭ፣ መብራት፣ ሌንስ የሚከራየው እዚያ ነው። ድምፅ ላይ አትቆጥብ። ምስሉ ትንሽ ቢበላሽ ስታይል ነው ይሉሃል፣ ድምፁ ከተበላሸ ግን ፌስቲቫሉ ከአምስት ደቂቃ በላይ አያይልህም። ጅማ መሆንህ የሚጠቅምህ ሌላ ነገርም አለ። ስለ ቡና ሊቀርጹ የሚመጡ ፈረንጆች አሉ፣ መኪናና አስተርጓሚ፣ የፈቃድ ደብዳቤ፣ ከገበሬው ጋር የሚያገናኝ ሰው ይፈልጋሉ። በውጭ ምንዛሪ ነው የሚከፍሉት። ያ ሥራ ያኖርሃል። ግን ይጣፍጣል፣ ስንት ጎበዝ ልጅ እሱ ውስጥ ሰምጦ የራሱን ፊልም ሳይሠራ እንደቀረ እኔ አውቃለሁ።

የመጨረሻው፣ የሒሳብ ሰው መሆንህን እንደ ቀላል አትየው። የፈንድ ብር አንዴ አይመጣም። ሲፈረም ጥቂት፣ ቀረጻ ሲጀመር ጥቂት፣ የመጨረሻው ደግሞ ፊልሙ አልቆ የወጪ ሪፖርቱ ከነደረሰኙ ከገባ በኋላ ነው። በመሃል ያለውን ክፍተት በዱቤና በልመና የሚሞላው ፕሮዲውሰሩ ነው። ብዙ ፕሮዲውሰር የሚሰበረው ብር አጥቶ አይደለም፣ የበቆሎ ሻጯን ደረሰኝ አጥቶ ነው። ፊልሙ ሲሸጥም የሽያጭ ወኪሉ ከ20 እስከ 30 በመቶ ኮሚሽኑን ይወስዳል፣ የፖስተሩንና የጉዞውን ወጪ ይቀንሳል፣ ከዚያ ነው ወደ እናንተ የሚዞረው። በበጀቱ ላይ የራስህን ክፍያ ጻፍ። «ለጊዜው ይቆይ» ተብሎ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው፣ ግን ካልተጻፈ ለጊዜው እንኳን የሚቆይ ነገር የለም።


አወይቱ ዳር፦

የደረሰኙ ነገር አሳቀኝ። ሐሙስ ገበያ ላይ ደረሰኝ ስጡኝ ብለህ ዙር እስኪ!


እታለም፦

ለዚያ መላ አለው። ሻጩ የሚፈርምበት የራስህ የክፍያ ማረጋገጫ ቅጽ አዘጋጅ። ስም፣ ቀን፣ የተገዛው ነገር፣ ብሩ፣ ፊርማ ወይም አሻራ። ፈንዱ ይሄን ይቀበል እንደሆነ ደግሞ ከመፈረምህ በፊት ጠይቅ፣ በኋላ አይደለም።


የሒርማታ ልጅ፦

ቅጹን ዛሬ ማታ ኤክሴል ላይ እሠራዋለሁ፣ እሱ የእኔ ሜዳ ነው። ለጓደኛዬ የውሉን ነገር ነገርኩት። መጀመሪያ ፊቱ ተለወጠ፣ የመመለሻውን ነጥብ ሳነሳለት ግን «እንደዚያ ከሆነ እኔም አንድ ነገር ልጨምር» አለ። ያለ እሱ ፈቃድ ዳይሬክተር እንዳይቀየር ይፈልጋል። ልቀበለው?

ሴትዮዋ ጋ እሁድ ከእናቴ ጋር እንሄዳለን። እናቴ ታውቃታለች።

አጭሩን ፊልም በተመለከተ ሰባት ደቂቃ ይሻላል ወይስ አሥራ አምስት?


አሮጌው ጄነሬተር፦

ዳይሬክተሩን በሚመለከት «ሁለታችን ተስማምተን» በሚል አስገባው። እሱ ብቻውን የሚያግድበት መብት ግን አትስጠው፣ አጋር ስታመጣ ያስቸግርሃል።

ደቂቃውን ድርሰቱ ይወስነዋል፣ ከአሥራ አምስት ግን አትለፍ፣ የፌስቲቫል ፕሮግራም ውስጥ ለመግባት አጭሩ ይቀላል። የእንግሊዝኛና የፈረንሳይኛ ሰብታይትል ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ይግባ፣ ዋጋዱጉ ላይ ፈረንሳይኛው ያስፈልግሃል። ኦሮምኛውን የሚተረጉመው ሰው ደግሞ የጅማን አነጋገር የሚያውቅ ይሁን።